ሰባት ቁጥር፣ ነዋሪ የለም

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ያደግኩበትን መንገድ እንድቆጥር ታዘዝኩ። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ሠፈሩን ታውቂዋለሽ፤ ሌላው ሲደናበር ከሚከርም አንቺ ጨርሺው» አለኝ። ማወቄ እንደ ሙያ ተቆጠረልኝ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ረድፍ ዘጠኝ ቤቶች አሉ፤ ወይም ነበሩ። ከግማሽ በላዩ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ቦታው ሁሉ ተጣምሮ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እንዲቆምበት ደንቡ ይፈቅዳል። ግማሽ ካልሞላ ግን ሰው ያለባቸው ቤቶች ይቀራሉ፤ በመሃል በተከፈቱት ቦታዎች ላይ ብቻ ከጎረቤቶቻቸው ብዙ የማይረዝሙ ትንንሽ ቤቶች ይገባሉ። አምስት ባዶ ከተገኘ ፎቅ፣ አራት ከተገኘ ትንንሽ ቤት። ልዩነቱ አንድ በር ነው።

ቅጹ ልፋት የለውም። በሦስት የተለያዩ ቀናት ሄደሽ የፊት በር ታንኳኪያለሽ፤ በየቀኑ ሦስት ጊዜ። መልስ ከሌለ «ነዋሪ የለም» ብለሽ ትሞያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ።

ወንድም ጋሼ ቢሰማ ምን ይለኝ ይሆን? ታላቄ ነው፤ ግንበኛ። የግድግዳ መዝመምን በዓይኑ ብቻ ስለሚያውቅ ጓደኞቹ በግንበኛ መለኪያው ስም ቱምቢ ይሉታል። አሁን ሩቅ ሥራ ላይ ነው። አልነግረውም። ሥራ ሥራ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ምሳ ሰዓት። ጠዋት ቆጠርኩ።

ቤቶቹን ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ያስቃሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሠራ ከደጃፎቹ በላይ ክንድ ተኩል ከፍ አድርገው አነጠፉት። በሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ቀሩ፣ መስኮቶቹ ከጉልበት በታች ወረዱ። ከውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚታየው የመንገደኛ እግር ነው። ልጅ እያለን ቢሆን ኖሮ ደስ ይለን ነበር።

አንድ ቁጥር፣ ሰውየው በመስኮት እጃቸውን አወጡ፤ አለ። ሁለት፣ ቁልፉ ዝጓል፤ የለም። ሦስትና አራት፣ ልጆች ከውስጥ ተንጫጩ፤ አለ። አምስት የእኛ ቤት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ጣራው ወርዶ ወንድም ጋሼ አፈረሰው፤ አሁን ሣር ነው። ስድስት ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ስምንት፣ «ዙሪ!» ብለው ጮኹብኝ፤ አለ ብዬ ሞላሁ። ዘጠኝ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። እስካሁን አራት ባዶ።

ሰባት ቁጥር። ልብስ ሰፊዋ እትዬ የነበሩበት። አንኳኳሁ፣ ሦስት ጊዜ። መልስ የለም። ምንም ድምፅ አልነበረም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ እጅ ጽሑፌ ለዚህ ነው እንዲህ የሆነው።

ሰባት ቁጥር፣ ሁለተኛ ቀን። ሦስት ጊዜ። መልስ የለም። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 16

ወንድም ጋሼ የፎቁን ወሬ ሰምቶ ለአንድ ቀን መጥቶ ነበር። የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፎ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው የሲሚንቶው ብናኝ ልብሴ ላይ ሁሉ ተበተነ። ውስጡ ላይ በእርሳስ ረድፉን በሙሉ ስሎታል፤ ያሉት ቤቶች እንዳሉ፣ በአራቱ ክፍት ቦታዎች ደግሞ አንድ አንድ ቤት፣ ምድርና አንድ ፎቅ፣ እያንዳንዱ ለአራት ቤተሰብ። አምስት ቁጥር ላይ የሳለው ቤት በር ልክ የእናታችን በር የነበረበት ቦታ ነው።

«እና የፎቅ ጠላት ሆንክ?» አልኩት።

«ፎቅ ምን አደረገኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ አይደል እንዴ የኖርኩት! ግን ሰፊው ሜዳ ሞልቶ ሳለ እዚች ጠባብ መንገድ ላይ ስምንት ፎቅ ምን ሊሠራ ነው? ፀሐይዋን ማን ያያታል?»

አለቃዬ የሚለውን ደገምኩለት። ፎቁ አርባ ስምንት ቤተሰብ ይይዛል፤ ያንተ ጨዋታ አሥራ ስድስት። ቤት ያጣ ሰው ሞልቷል። ሠፈር ሙዚየም አይደለም።

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። «ልክ ነሽ፣ ሰው መግባት አለበት» አለ። «እኔስ ምን አልኩ? ግን የገባውን አስወጥተሽ ሌላ ብታስገቢ ጨመርሽ አይባልም።»

ከዚያ ጫማውን ሲያስር ቀና ሳይል፣ «እትዬ ደህና ናቸው? ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸው አልወጣ ብሏል አሉ። በዚያ ስታልፊ ጎራ በይ። እናታችንን ገንዞ የሰጠን ሌላ ማን ነበር» አለኝ።

እሺ አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ብናኙን ስጠርግ አመሸሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ሦስተኛ ቀን። ዘንቦ ስለነበር ሌላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ፤ ጥቁሩን፣ ከገዛሁት ጀምሮ አድርጌው የማላውቀውን።

ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መልስ የለም።

ሰባት ቁጥር፣ ነዋሪ የለም። ፈረምኩ።

ከዘጠኝ አምስት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

አለቃዬ በሰው ፊት አመሰገነኝ። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ ስሜት የለ፣ ልቅሶ የለ» አለ። ባልደረባዬ ባለመነጽሩ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዝም ያለ ሰው ነው። የአንድ ጫማው ማሰሪያ ቡናማ፣ የሌላው ነጭ። ለምን ጫማ እንደማይ አላውቅም፤ ሰሞኑን ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ሆኗል።

ትልቁ የካርታ ማተሚያ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ትርክክ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ትርክክ። ልክ እንደ ስፌት መኪና። ለአለቃዬ ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም አልኩት። መጥቶ አዳመጠና «ምንም አልሆነ፤ አንቺ ነሽ ያልተኛሽው» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ «ምንም ድምፅ አልነበረም» ብዬ ጽፌያለሁ። ላስተካክል። ድምፅ ነበረ ይሆናል፤ ከሌላ ቤት። እዚያ ሠፈር ስፌት መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ይመስለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 23

ሊነጋ ሲል። የምኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እወደዋለሁ። ማንም ከየት መጣሽ፣ የት ነበርሽ አይለኝም። ግን ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ሰሞኑን ይመታል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሦስት ጊዜ ነው። ቆጠርኩት። የሕንፃው ዘበኛ አየር ገብቶበት ነው አሉኝ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው፦ ብቻዋን አረፈች፣ ጠዋት እትዬ አገኟት። እኔ የዚያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለወንድም ጋሼ ያልኩት እንደዚያ ነው።

ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ነበር። በምን እንደተጣላን እንኳ በቅጡ አላስታውስም።

አስታውሳለሁ። ከእኔ ጋር ግቢ ብያት እምቢ አለች። «እኔ አሳንሰር ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተፋጥጬ አልቆምም» አለችኝ። እኔ ደግሞ «እንግዲያው እዚሁ ጉድጓድሽ ውስጥ ቅሪ» አልኳት። እናቴን።

ቀጥሎ የጻፍኩትን መስመር ሰርዤዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ማስታወቂያው ወጣ። ባዶ በተባሉት ቤቶች በኩል ያለው የጓሮ መተላለፊያ መጋቢት 8 በቆርቆሮ ይታጠራል። መብራትና ውሃ ይቆረጣል።

የጓሮ መተላለፊያ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጓሮው እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። መንገዱ ከፍ ካለ ጀምሮ የፊት በሮቹ ጎርፍ እየጠጡ አብጠው ተጣበቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ማንም በፊት በር ገብቶ አያውቅም። ሁሉም የሚገባው በጓሮ ነው። በስምንትና በዘጠኝ መሃል ባለችው ጠባብ መሹለኪያ፣ በስርጧ፣ ገብተሽ፣ የውሃ ቧንቧውን አልፈሽ፣ «ቤቶች!» ትያለሽ። የፊት በር የሚያንኳኳ እንግዳ ብቻ ነው።

ይህን የማያውቅ የለም። ግን ቅጹ የፊት በር ነው የሚለው።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ወንድም ጋሼ ደወለ። ከስምንት ቁጥር ሰምቶ ነው።

«ማነው ሰባት ቁጥርን ባዶ ነው ያለው?»

«ቆጣሪዎቹ ናቸዋ።»

«ቆጣሪዎቹ እነማን ናቸው?»

«አላውቅም።»

«በጓሮ ካጠሩባቸው እኮ መውጫ የላቸውም! ሴትዮዋን ቤታቸው ውስጥ ሊከድኗቸው ነው? አንቺ እዚያ ቢሮ ውስጥ ምንድን ነው ሥራሽ? ጠይቂ እንጂ!»

እጠይቃለሁ አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ላይ ቀለም ያለ መስሎኝ ታጠብኩ። ምንም ቀለም አልነበረም።

እሑድ፣ የካቲት 30

ቤቴን ሳጸዳ ዋልኩ። ያን ጥቁር ጫማ ለዘበኛው ሚስት ሰጠኋት። ልክ ነው ወይ ብላ አደረገችው፤ ልኳ ነው። በኮሪደሩ ስትሄድ ድምፁ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ከሥራ ስመለስ ወንድም ጋሼ በሬ ላይ ቆሟል። ሥራውን ጥሎ መጥቷል። በእጁ የቅጹን ግልባጭ ይዟል፤ ከማን እንዳገኘው አልነገረኝም። በሩን ከፈትኩ፤ አልገባም።

«ፊርማሽን ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ። «ያቺን ጭራ የምታስረዝሚያትን።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ፣ ደንቡ የፊት በር ይላል። ይበል። አንቺ ግን ያ ጓሮ ጠፋሽ? አንቺ? ስንት ጊዜ ወድቀሽ ጉልበትሽን የላጥሽበት? ዞሮ የእትዬን በር ለመምታት ስንት እርምጃ ነው? አርባ? ሃምሳ?»

«ሦስት ቀን አንኳክቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሰው መኖሩን ለማወቅ ነው ወይስ አለመኖሩን?»

ያን ጊዜ ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ወደ እናታችን ሄጄ ነበር፤ ኩርፊያዬን ላበርድ ሄጄ፣ ግን በጓሮ ገብቼ ዓይኗን ለማየት ስላፈርኩ እንደ እንግዳ የፊት በሩን አንኳኳሁ፤ ሦስት ጊዜ። መልስ ሲጠፋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ። ሞክሬያለሁ አልኩ ለራሴ። ዞሬ ሄድኩ። በማግሥቱ ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደሆነ መናገር አይቻልም አለ። እኔ ሳንኳኳ እሷ ወለሉ ላይ ወድቃ ትሰማኝ ነበር ይሆን? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነው የማስበው። ደግሞ ዞር ስል የእትዬ መጋረጃ ተንቀሳቅሶ ነበር። በሠፈሩ ያየኝ ሰው ካለ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አልነገርኩትም። «ነገ እሄዳለሁ» ብቻ አልኩት። ደረጃውን ወርዶ ሲሄድ አሳንሰሩን አልጠራም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሄድኩ። በጓሮ።

ስርጧ ጠብባለች ወይስ እኔ ወፈርኩ? ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል። የእትዬ በር ገርበብ ብሏል፤ ስፌት መኪናው ይሠራል። «ቤቶች!» ሳልል በሩ ላይ ቆምኩ። መኪናው ቆመ።

«ግቢ እንግዲህ» አሉ ከውስጥ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው የቀረው። «ያን ሁሉ ቀን ሻይ እየጣድኩ አቀዘቀዝሽብኝ።»

ገባሁ። ቀጭን ሆነዋል። መነጽራቸው በክር ታስሯል። ጉልበታቸው ላይ የሰው ሱሪ አለ፤ እግሩን እያሳጠሩ ነው። መኪናው ያለው በፊት ለፊቱ መስኮት ሥር ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ አስፋልቱ ይታያል፣ የሰው ጫማ ሲያልፍ።

«እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?»

«የመጀመሪያውን ቀን ቡናማውን ጫማ አድርገሽ መጣሽ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ቀን ጫማ ቀየርሽ፤ አረማመድሽን ግን ረሳሽው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «በሩ አይከፈትም፣ ታውቂያለሽ። እንዳልጣራ ድምፄ ይኸው ነው። ትዞራለች አልኩ። ማንኳኳቱ ሲደክማት ትዞራለች።»

ቁጭ አልኩ። ማስታወቂያውን፣ ቅጹን፣ ፊርማዬን ነገርኳቸው። እየሰፉ ሰሙኝ። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ይህስ የቢሮ ነገር ነው» አሉ። «ሌላው ነው አንቺን የሚበላሽ።»

ምን ሌላ አልኩ፤ እያወቅኩ።

«ያን ቀንም አይቼሻለሁ፣ ልጄ።»

ወለሉን ብቻ አየሁ።

«እናትሽ እዚህ ነበረች» አሉ። «አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት። ደህና ነበረች፤ እንደውም ስንሳሳቅ ነበር የዋልነው። ስታንኳኪ ሰማን። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁና፣ ልጅሽ ናት አልኳት። ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ‹ተያት፤ ከፈለገችኝ ትዞራለች› አለች። ከዚያ ተነስታ ሻይ ቀዳችልሽ። ሦስተኛ ብርጭቆ። እዚህ ጋ አስቀመጠችው። ጫማሽ ሲዞር ሁለታችንም አየን። ወደ ስርጧ ነው የዞረችው ብላ ፈገግ አለች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። ራሷ ጠጣችው። ማታ ነው ያረፈችው፣ በእንቅልፏ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ መጣሽና? ቀብሩ ላይ ዓይንሽን ሸሸሽኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጓሮ አልዞርሽም። ደጄ ያልመጣ ሰው ምን ብዬ ልከተለው?»

አለቀስኩ። እትዬ አላባበሉኝም። ሱሪውን አጣጥፈው ሌላ አነሱ፤ መኪናው እንደገና ሠራ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ወለሉ ላይ አልወደቀችም። ሰምታኛለች፣ ጠብቃኛለች። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም። ይህን ሊነግረኝ የሚችል በምድር ላይ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ሰው የለም ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሰባት ቁጥር ሰው አለ አልኩት።

«ስሕተት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?»

አውቄ ነው ልለው ነበር። «ስሕተት ነው» አልኩ። ይቅር ይበለኝ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አልቻልኩም።

ብዙ ተናገረ። ደንቡ የጓሮ በር አያውቅም አለ። ወንድምሽ በረድፉ ላይ ጥቅም እንዳለውም ሰምቻለሁ አለኝ። በመጨረሻ ከቆጠራው አስወጣኝና ድጋሚ ቆጠራ ፈቀደ። ሰኞ ጠዋት፣ አጥሩ ከመቆሙ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በባለመነጽሩ። «በመስኮት የሚወጣ እጅ፣ ከጓሮ የሚጮህ ድምፅ አልቀበልም። ያንቺን ነገር አይተናል። የፊት በሩ ተከፍቶ ሴትዮዋ ራሳቸው ደፉ ላይ ይታዩ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ በር። ለወንድም ጋሼ ደወልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ወንድም ጋሼ በማለዳ አካፋና መዶሻ ይዞ መጣ። ጉድጓዱን ጠረገ። ጭቃውን በባልዲ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ተላጠ። ከአስፋልቱ እስከ ደፉ የሚያወርዱ ሦስት ደረጃዎች ሊሠራ ነው። ስምንት ቁጥርና ሦስት ቁጥር አሸዋ አቀበሉ። አንድ ቁጥር ሰውየው ከላይ ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ!» እያሉ ያዝዛሉ። ወንድም ጋሼ፣ «ጋሼ፣ ቱምቢው እኔ ነኝ» አላቸው።

እረፍት ላይ ስለዚያ ቀን ነገርኩት። ሁሉንም። መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ሦስተኛ ብርጭቆ አልሽኝ?» አለ። አዎ አልኩት። ተነስቶ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ። እስከ ማታ ፊቱን ከእኔ አዙሮ ሠራ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ደረጃው አለቀ። በሩን በመላጊያ ላገው፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣው፤ ሁለታችን ገፍተን ሳብነው፣ ተከፈተ። እትዬ ከውስጥ ሆነው መንገዱን አዩ፤ ጫማ ብቻ ሳይሆን ሰው ከነፊቱ። «ለካ ይህ ሁሉ ሰው አርጅቷል!» አሉ።

ወንድም ጋሼ ነገ ሥራው ካልተመለሰ ይባረራል፤ ሲመሽ ሄደ። «ዝናብ ካልጣለ ይከፈታል» ብሎኝ ነው የሄደው።

እኔ እዚሁ አድራለሁ፤ የእትዬ ስፌት ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ።

እየዘነበ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት በሩን ሞከርኩት። አብጧል። ትንሽ እንኳ አልነቃነቅ አለ። በጓሮ በኩል የቆርቆሮ አጣሪዎቹ ደርሰው ሲያወርዱ ይሰማል። እትዬ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻይ ጥደው፣ ደፉ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱን አያለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጫማዎቹ መጡ። አንዱ ማሰሪያ ቡናማ፣ አንዱ ነጭ። የወንድም ጋሼን ደረጃዎች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ወረዱ።

አንኳኳ። መያዣውን ይዤ ጎተትኩ። እምቢ።

እንደገና አንኳኳ። እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጎተትኩ። እንጨቱ ጮኸ፣ አልተነቃነቀም። «ሰው አለ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ እንደማይቆጠር እያወቅኩ።

ሦስተኛውን አንኳኳ። በመስኮቱ አየሁ። ደረጃውን ወጣ። አስፋልቱ ላይ ቆመ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ጫማዎቹ ዞሩ።

እንዲህ ነበር የታያት። ጫማ ሲዞር ብቻ። ከዚህ ከተቀመጠችበት፣ ሻዩን ቀድታ።

እትዬ ከኋላዬ ወገቤን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ምን ጉልበት አላቸው፤ ግን ያዙኝ። አብረን ጎተትን። በሩ ተነቅሎ የሚወጣ መስሎ ጮኸና ተከፈተ፤ ሁለታችንም ወደ ኋላ ልንወድቅ ለጥቂት ነው።

ባለመነጽሩ አስፋልቱ ላይ ዞር ብሎ አየን። ተመልሶ ደረጃዎቹን ወረደ። እኔን ሳይሆን እሳቸውን አየና ብዕሩን አወጣ።

«ነዋሪ አለ?» አለ።

«አለ» አልኩት። እትዬ ደፉ ላይ ቆሙለት፤ ፈርሞ፣ አጣሪዎቹ እንዲተዉት ደውሎ ነግሮ ቅጹን አጠፈ። ከዘጠኝ አራት።

«ግባ፣ ሻይ ተጥዷል» አሉት በዚያ ድምፃቸው። እሱ ቢሮ ይጠብቁኛል እያለ ገባ። ሦስት ብርጭቆ ደረደሩ። በጓሮ አጣሪዎቹ ቆርቆሯቸውን መልሰው ሲጭኑ ይሰማ ነበር። የእኔን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁት።